ለሥራ የወጣው ጉልበት በማን መዝገብ ይገኛል?

ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ ተጉዞ እነዋሪ የሚደርስ መንገደኛ፣ ከከተማዋ ዙሪያ እስከ ጀማ ሸለቆ አፋፍ የተዘረጋውን ሜዳ ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። ይህ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀ አፉን ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ አቁሮ በሬውንም ገበሬውንም የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። ስንዴው፣ ጤፉ፣ ባቄላውና ምስሩ የሚገኘው ከዚሁ አፈር ነው። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው የጅሩ ሰንጋም የሚቀለበው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ይህ ሜዳ ግን ያለ ብዙ እጅ ምርት አይሰጥም። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ውሃው ሰብሉን እንዳያበሰብስበት ከጥንት ጀምሮ አንድ ዘዴ አለው። ዘር ከተዘራ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳው ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣል። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ዘሩ በመደቡ ላይ ይተርፋል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከል ለአፍሪካ በተለምዶ ኢልካ የሚባለው ድርጅት፣ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም ጋር ተባብሮ የዋልካ አፈርን ጉዳይ ሲያጠና፣ ከመረጣቸው ሥፍራዎች አንዱ እነዋሪ ነበር። በኢትዮጵያ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል ሄክታር የሚገመት ዋልካ መሬት አለ፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። አጥኚዎቹ እዚህ ያገኙት ገበሬው ራሱ ፈልስፎ በእጁ የሚሠራውን መደብና ቦይ ነው። ከዚያም ሥራውን ለማቃለል ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምሮ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ተሠራ። ዛሬ ገበሬው ቢቢኤም የሚለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መሣሪያው በየገበሬው ቤት እንደታሰበው ቶሎ አልገባም። ክብደቱ ለደከመ በሬ አይቻልም ነበር፤ ሁለት በሬ የሌለው ገበሬም ሊሞክረው አልቻለም። እንደ አይባር ያሉ ቀለል ያሉ ዓይነቶች የወጡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በብዙ ማሳ ላይ እጅ ሥራውን አልለቀቀም። ታዲያ ያ እጅ ከመንደሩ ሲወጣ ምን ይሆናል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

የገጠር ጉልበት ለሥራ መንቀሳቀሱ አዲስ ነገር አይደለም። የቆዩ የገበሬ ማኅበር መሪዎች እንደሚያስታውሱት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በቅጥር ጉልበት ማረስንም ከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን ለሁሉም አልነበረም። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ በሕመም ወይም በእርጅና የደከመ ሰው፣ አሳዳጊ የሞተበት ልጅ በሰው ጉልበት ማሳረስ ይችሉ ነበር። የማኅበሩ መሪ ማን ጉልበት እንዳለው፣ ማን እንደሌለው የማወቅ ግዴታ የተጣለበት ያኔ ነው። የዛሬው ቀበሌ ስሙ ቢለወጥም፣ ብዙ ገበሬ አሁንም ገበሬ ማኅበር ይለዋል፤ ጥያቄውም አብሮት ቀርቷል።

የቅጥሩ ክልከላ ከላላ በኋላ ጉልበቱ እንደገና መንገድ ጀመረ። ከአማራ ክልል ደጋዎች በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ሌላው ወደ አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ይሄዳል፤ ልጃገረዶች ደግሞ በቤት ሠራተኛነት ወደ ከተማ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ።

ወደ ቆላ ስለሚወርደው ጥቂት ማለት ይገባል፤ ጉዳዩ የሞት ጉዳይ ነውና። በመተማና በሁመራ ሜዳዎች የአሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ዝንብ የሚተላለፍ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። በሽተኛው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይከሳል፤ በግራ ጎኑ ያለው ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። ከደጋ የወረደ ሠራተኛ በሽታውን ስለማያውቀው ወባ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚበረታበት ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በደጋው ላይ፣ ሰዎች ባልታወቀ ትኩሳት መሞት ሲበዙ በመጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር። ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። የዚያ አካባቢ መሪዎች ማን ወደ ቆላ ወርዶ መቼ እንደተመለሰ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ጥርጣሬው ወደ ትክክለኛው በሽታ ቶሎ ይደርስ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ባስወጣችበት ወቅት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ በረሃና ባሕር አቋርጠው በደላላ እጅ የሄዱ ነበሩ። መንግሥት በዚያው ሰሞን ጉዞውን አግዶ፣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ ይኸውም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። የማኅበር መሪ ሕጉን በሙሉ ማጥናት ላይጠበቅበት ይችላል። አንዱን ነገር ግን ቢያውቅ የብዙ ቤት በሬ ከመሸጥ ይድናል። በ923 አዋጅ መሠረት የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድኅኑ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና መሰል የራሷን ሰነድ ወጪ ነው። እንግዲህ ደላላ ለትኬትና ለቪዛ ብሎ የአባትን ሰንጋ ሲያሸጥ፣ ገንዘቡን የሚወስደው ሕጉ ለሌላ ሰው ያሸከመውን ወጪ ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በምን መንገድ ነው? ጥናት ሲባል ብዙ መሪ ፊቱን ያጠቁራል፤ መጠይቅ ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን አስቀምጦ የሚሄድን ሰው አይቷልና። ቅሬታው እውነት አለው። ይሁን እንጂ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ለየት ያለ ሥራ ተሠርቷል። በአንኮበር ወረዳ፣ ከደጋው ወደ ምሥራቅ ቆላማው በኩል በሚገኘው ዲንኪ በተባለ ሥፍራ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተመራማሪዎች እየተመላለሱ አንድን መንደር ተከታትለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የጥናት ተቋማት በጋራ በ1987 ዓ.ም. ገደማ የ15 መንደሮችን ታሪክና ኑሮ መዝግበው ሲያሳትሙ ዲንኪ አንዱ ነበር፤ በ1995 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማም ተመልሰው ታይቷል። በኋለኞቹ ዙሮች ወንድና ሴት ተመራማሪ አብረው በመንደሩ እየተቀመጡ ወንዱ ከወንዶች፣ ሴቷ ከሴቶች ጋር ሲነጋገሩ ቆይተዋል። ይህ ዘዴ ለመሪ የሚያስተምረው ነገር አለው፤ የልጅቱ ጉዞ በማን ምክር እንደተወሰነ አባት የሚናገረውና እናት የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ አይደለምና።

ዲንኪ የሚታወቅበት ሌላም ነገር አለ፤ አርጎባና አማራ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ አካባቢ የሚኖሩበት ነው። አርጎባ በሽመናና በንግድ የቆየ ሕዝብ ነው፤ በቁጥሩ ግን በክልሉ ካሉት አነስተኛ ብሔረሰቦች አንዱ ነው። ዛሬ የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። ነገር ግን ልዩ ወረዳው የሚጠብቀው በወሰኑ ውስጥ የሚኖረውን ነው። ሸማኔው ሥራ ፍለጋ ከወረዳው ከወጣ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ እድር፣ ያለ ምስክር በሌላ ሰው ቀበሌ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። አነስተኛ መሆን ማለት ያኔ በግልጽ የሚታይ ይመስለኛል። ወንፈል አይገባም፤ ደቦ አይጠራም፤ ደመወዝ ቢቀርበት የሚሸመግልለት የለም። በሰሜን ሸዋ እንደ ብረት ሥራና ሸክላ ያለ ሙያ ያላቸው ወገኖች ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረው ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ቀጨኔ መሄዳቸውም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው።

እንግዳ ሆኖ መኖር የሚያስከፍለውን ዋጋ የሰሜን ሸዋ ሰው በሌላ መንገድም አይቶታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ አካባቢዎች የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደብረ ብርሃን በመጠለያ ሰፍረዋል። ከእነርሱ ውስጥ ቤተሰቦቻቸው በድርቁና በሰፈራው ዘመን ለእርሻ መሬት ሲሉ የሄዱ አሉበት።

አሁን ወደ እነዋሪ ሜዳ እንመለስ። የሚሄድ ጉልበት እንዳለ ሁሉ የሚመጣም ጉልበት አለ። ስንዴ ሲደርስ አጫጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈለጋል፤ ሁሉም ማሳ አንድ ላይ ይደርሳልና። ከሩቅ መጥቶ በሰው ማሳ የሚያጭደው ሰው ከእባብ ቢነደፍ፣ ማጭድ ቢቆርጠው፣ ሂሳቡን ቢከለከል ወደ ማን ይሂድ? አገሩ ያለው የጤና መድኅን ደብተር የሚያገለግለው ወረዳው ውል በያዘባቸው የጤና ተቋማት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ መድኅን ለገበሬው ትልቅ ጥቅም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የተሠራው በቤቱ ተቀምጦ ለሚያርስ ሰው ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔትም ተመሳሳይ ቀዳዳ አለበት። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በልማት ሥራ ይካፈላል፤ ጉልበት የሌለው አረጋዊና በሽተኛ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። አሠራሩ ቅን ነው። ልጃቸው በመዝገብ ላይ ብቻ ያለ አሮጊት ግን ከየትኛው ወገን ናቸው? መዝገቡ ላይ የ22 ዓመት ወንድ ልጅ ተጽፏል፤ ልጁ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል ከሄደ። ገንዘብ ይልክላቸው አይልክላቸው አይታወቅም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ጉልበት አለ ብሎ ቢያልፋቸው በወረቀት አልተሳሳተም፤ አሮጊቷ ግን ክረምቱን ብቻቸውን ይወጡታል።

ስለሆነም ከመሪዎች የሚጠበቀው ሥራ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ደብተር ይበቃል። የሄደው ማን ነው፣ ወዴት፣ በማን በኩል፣ መቼ፤ የተመለሰውስ መቼ፣ በምን ጤንነት፤ ለአጨዳ የመጣው ከየት ነው፣ በማን ማሳ፣ በስንት ተስማምቶ። ሁለት ምስክር ባለበት የተጻፈ የቀን ሂሳብ በኋላ ከብዙ ክርክር ያድናል። ደብተሩ ለግብር ወይም ለሌላ መዋጮ እንደማይውል በግልጽ ካልተነገረ ግን ማንም እውነቱን አያስመዘግብም፤ ይህንንም መሪው ራሱ በስብሰባ መናገር አለበት። ለሴቶቹ ጥያቄውን የምታቀርበው ሴት ብትሆን የተሻለ መሆኑን ዲንኪ ላይ የተሠራው ሥራ ያሳያል።

እድሮችም ሊመከሩበት የሚገባ ጉዳይ አላቸው። በብዙ እድር መዋጮውን ያቋረጠ ሰው ከአባልነት ይወጣል። መተማ ወርዶ ለአራት ወር የቆየው አባል መዋጮውን ሲመለስ ይክፈል ብሎ መወሰን ለእድሩ ኪሳራ አያመጣም። ለአጫጁም ቢሆን፣ በሰው አገር ሳለ ቢሞት ማን ገንዞ እንደሚቀብረውና ለቤተሰቡ ማን መልእክት እንደሚልክ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ጉዳዩ ሬሳ ደጅ ላይ ሳለ ሲነሣ ለንግግር አይመችም።

የመደቡ ሥራ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ አይቆይም። በየቀበሌው ከሰኔ በፊት ስንት ቤት ልጆቹ እንደሄዱበት ከደብተሩ ታይቶ፣ ቢቢኤምና ጠንካራ በሬ ያለው ገበሬ ከየትኛው አቅመ ደካማ ማሳ እንደሚጀምር መወሰን ይቻላል። ወንፈሉ የቆየ ነው፤ ተራው ብቻ ይደልደል። ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ያሉት እናት ባለፈው ዓመት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከነበሩ፣ ዘንድሮ ብቻቸውን መሆናቸውን ከጎረቤት ቀድሞ ማየት የሚገባው የማኅበሩ መሪ ነው።