ብረት የማይገድለው ባክቴሪያ ለቡርቃ ጃቶ ምን ይሠራል?

ነቀምቴ እንደ ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች መናኸሪያ አይደለችም። ስለዚህ በቡርቃ ጃቶም ሆነ በሌሎች ሰፈሮቿ የከባድ ብረቶች ነገር ሲነሳ ዓይን መጣል ያለበት በጋራዦች፣ በላቫጆዎች፣ በብየዳ ቤቶችና ያረጀ ባትሪ በሚፈታባቸው ጓሮዎች ላይ ነው። እርሳስና ዚንክ ከተቃጠለ ዘይትና ከእጥበት ውሃ ጋር ቦይ ይገባሉ፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ቁልቁል ይወስዳቸዋል። የአካባቢው ውሃ መዳረሻው በዴዴሳ በኩል ዓባይ ነው።

ብረት ቻይ ባክቴሪያ ይህን ያጸዳልናል የሚለው ተስፋ መሠረት አለው። ግን ብረት እንደ ምግብ ትራፊ አይበሰብስም። ባክቴሪያ መልኩን ይለውጠዋል ወይም ሰብስቦ ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። መቻልና ማጽዳትም ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ የዚንክ ፋብሪካ ገንዳ የተገኘው ዝነኛው ኩፕሪያቪደስ ሜታሊዱራንስ በሕይወት የሚቆየው በአብዛኛው ብረቱን ከሴሉ እየገፋ በማስወጣት ነው፤ የወጣው ብረት እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሜርኩሪ የሚችሉት ደግሞ ወደ ተን ይለውጡታል፤ ከውሃው ወጣ፣ አየሩ ውስጥ ገባ። “ቻይ ባክቴሪያ ተገኘ” የሚለው ዜና ብዙውን ጊዜ ይህን ይዘለዋል።

የሚጠቅሙት ሌሎቹ ናቸው። መርዛማውን ክሮሚየም 6 በቀላሉ ወደሚዘቅጠው ክሮሚየም 3 የሚለውጡ አሉ። አየር በሌለበት ገንዳ ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ የሚቀይሩም አሉ፤ ሰልፋይዱ ብረቱን ይዞ ይሰምጣል። በኔዘርላንድ የቡደል ዚንክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዚህ ዘዴ የተበከለ ውሃ አጽድቷል፣ የሰመጠውንም ዚንክ መልሶ ለምርቱ ተጠቅሞበታል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ባክቴሪያንና ሰው ሠራሽ ረግረግን ያጣመረ ማጣሪያ ሞክረዋል።

በሁለቱም ቦታ ግን ፍሳሹ ከአንድ ግቢ ይወጣል፣ ባለቤቱም ይታወቃል። ቡደል ላይ ዝቃጩ ሳይቀር ለፋብሪካው ጠቅሟል። የሰፈር ቦይ ይህ የለውም። የማድ ቤት እጣቢ፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጎርፍ ይቀላቀሉበታል፣ መጠኑም በየወቅቱ ይለዋወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ባክቴሪያ መልቀቅ ገንዘብ ማፍሰስ ይመስለኛል። ዘይቱንና የባትሪውን አሲድ ግቢ ውስጥ በበርሜል መያዝ ርካሽ ነው፤ ማጣሪያ ገንዳ ቢታሰብም ከዚያ በኋላ ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያስገድዳል። ፍሳሹ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ግን የማን እንደሆነ ላቦራቶሪም ለመለየት ይቸገራል። ናሙናው መወሰድ ያለበት ከየጋራዡ መውጫ፣ ዋናውን ቦይ ሳይደርስ ነው።