ነጥብ በሹመቷ ላይ ሳለች

ከመካከላችን አንዱ ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰባቸውን ተረቶች ለመመረቂያ ጽሑፉ በኮምፒዩተር ጽፎ ጨርሶ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የዘጋው ግን በአራት ነጥብ ሳይሆን በፈረንጅ ነጥብ ነበርና፣ «ይህን ሁሉ በእጅ ማን ይለቅማል?» ብለን ቪም ለሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም አጭር ስክሪፕት ጻፍንለት፤ ይኸውም ነጥብ ባየህበት ሁሉ አራት ነጥብ ተካ፣ አስቀምጠህም ውጣ የሚል ነው። ፋይሉን ብንከፍተው ከሀ እስከ ፐ አንድም ፊደል አልተረፈም፤ ገጹ ሁሉ አራት ነጥብ ሆኗል። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ጥፋቱ የኛ እንጂ የቪም አይደለም። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባወጣው በዚህ ፕሮግራም የፍለጋ ቋንቋ፣ ነጥብ ማለት «ማናቸውም አንድ ምልክት» ማለት ነው፤ ባዶ ቦታም ሳይቀር። እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ሹመኞች ናቸው ብንል ነገሩ ይቀላል። ነጥብ ተራ ነጥብ ትሆን ዘንድ ሹመቷን መሻር ያስፈልጋል፤ ሻሪውም ባክስላሽ የተባለው ወደ ግራ ያዘመመ ሰረዝ ሲሆን ከፊቷ ይቆማል፦ \.

ይህን ተምረን በሌላ የሙከራ ፋይል ላይ "\." ብለን ብንጽፍ ያው አራት ነጥብ እንደ በረዶ ወረደብን! ለካስ በድርብ ጥቅስ የታሰረ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ ስክሪፕቱን የሚያነበው ክፍል ባክስላሹን ለራሱ የተላከ መስሎት ይውጠዋል፤ ለፈላጊው ክፍል የምትደርሰው ባዶዋን ነጥብ ናት። ስለዚህ "\\." ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱ በመንገድ ይበላል፣ አንዱ ይደርሳል። ራሱን ባክስላሽን ለመፈለግማ አራት ባክስላሽ መደርደር ግድ ነው (ይህን ሲያዩ ሣቅ የማይመጣበት ሰው ያለ አይመስለንም)።

በነጠላ ጥቅስ ቢታሰር ግን የመጀመሪያው አንባቢ ባክስላሽን ስለማይነካ '\.' ይበቃል። ነጠላ ጥቅሱ ራሱ በውስጡ ሲያስፈልግ ብቻ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

በተተኪው በኩልም ሹመኛ አለ። «እና» የሚለውን ቃል በ& ለመተካት የፈለገ ሰው ምንም ሳይለወጥ ያገኘዋል፤ & በዚያ ስፍራ «የተገኘው ቃል ራሱ» ማለት ነውና። ለርሱም '\&' መጻፍ ነው።

ጓደኛችን በስልኩ የቀዳውን ድምፅ እያዳመጠ እንደገና በመጻፍ ላይ ነው፤ አሥራ አንደኛው ተረት ላይ ደርሷል። ስክሪፕት እንዳናሳየው ለምኖናል፤ አራት ነጥቡንም አሁን ራሱ በጣቱ ይመታል።