ተስቦና የደም ሥር ገበር



በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ብርድ ሲጸና ሰው ልብሱን ደራርቦ፣ ከአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግቶ ያድራል። ውሃ ከሩቅ ይቀዳል፤ ማገዶም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ልብስ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም፤ የልብስ ቅማልም በስፌቱ ውስጥ ይራባል። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ነገር ግን ተስቦ የሚባለውን ከባድ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው ይኸው ቅማል ስለ ሆነ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ተስቦ እንዴት ይተላለፋል?

ቅማል የታመመውን ሰው ደም ሲመጥ የበሽታውን ጀርም አብሮ ይወስዳል። በሽተኛው ትኩሳት ሲጸናበት ሙቀቱ ለቅማሉ አይስማማውም፤ ስለዚህ ትቶት ወደ ጤነኛው ሰው፣ ይልቁንም አጠገቡ ወደምትተኛው አስታማሚ ይሄዳል። በሽታውን የሚያሲዘው በንክሻው አይደለም። ጀርሙ ያለው በቅማሉ ኩስ ውስጥ ነው፤ ሰው ሲያሳክከውና ሲያከው በተቧጠጠው ቆዳ በኩል ይገባል። የደረቀ ኩስ በልብስ ላይ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ልብሱ ሲራገፍም ከአቧራው ጋር ወደ ዐይንና ወደ አፍንጫ ሊገባ ይችላል።

ጀርሙ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ካፖርት ገበር እንዳለው ሁሉ የደም ሥርም ውስጡን የሚሸፍን ገበር አለው። ይህ ገበር በዐይን የማይታዩ፣ እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ጎን ለጎን የተጋጠሙ ስስ ሕዋሳት ናቸው። የተስቦ ጀርም የሚራባው በነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ሕዋስ ከአባትና ከእናት የወረሰው፣ ጂን የሚባል የሥራ ትእዛዝ አለው። ሁሉን ትእዛዝ ግን ባንድ ጊዜ አይፈጽምም። እናት መፍተልም፣ መጋገርም፣ ማስታመምም ታውቃለች፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ አትሠራም። ቤት ተቃጠለ ሲባል ግን እንዝርቷን ጥላ ኡኡ ትላለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። የገበሩ ሕዋስም እንዲሁ ነው። በደኅና ጊዜ ደሙ ሳይረጋና ሳይሾልክ እንዲሄድ ይጠብቃል። ጀርም ሲገባበት ተኝተው የነበሩ ጂኖች ይነሣሉ። በነሱም ትእዛዝ ሕዋሱ የርዳታ ጥሪ የሚሆን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይልካል፤ የሰውነት ወታደር የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለመያዝ ገጹን እንደ ሙጫ ያደርጋል፤ ደምም እንዲረጋ ያዛል።

ይህ ሁሉ ለመከላከል ነው። ነገር ግን እሳቱ በብዙ ሥፍራ ሲነሣ የገበሩ መጋጠሚያ ይላላል፤ የደሙም ውሃ ወደ ውጭ ይሾልካል። ከዚህ የተነሣ ብርቱ ራስ ምታትና ሽፍታ ይመጣል። በሽተኛው ቢቃዥም ሌላ ነገር ይዞት አይደለም፤ በአንጎሉ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለ ተጎዱ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ?

እኛ የትውልድ አገራችንን «እትብታችን የተቀበረበት» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሪክ ጃፊና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ከሕፃናት እትብት ውስጥ ካለው የደም ሥር የገበሩን ሕዋሳት አውጥተው በዕቃ ውስጥ አሳደጉ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያሉ ሕዋሳት ላይ የተስቦን ጀርምና ዘመዶቹን እየጨመሩ የትኛው ጂን እንደሚነሣ ለማየት ቻሉ።

የመከላከያው መንገድ ግን ከዚያ በፊት የታወቀ ነው። በቱኒስ ከተማ ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኛ ገላውን ታጥቦ ልብሱን ከለወጠ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ቢተኛ በሽታው ወደ ሌላ አይጋባም፤ የወለቀውን ልብስ የነኩት ግን ይታመማሉ። ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1909 አስተላላፊው ቅማል መሆኑን አስረዳ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ የበሽተኛውን ገላ በሳሙና አጥባችሁ ልብሱን ለውጡለት። የወለቀውን ሳታራግፉ በፈላ ውሃ ቀቅሉት።

2ኛ/ የማይቀቀል በርኖስ፣ ባና ወይም ደበሎ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ሁለት ሳምንት ሳይለበስ ቢቆይ ቅማሉ በረኀብ ይሞታል። የተስቦ በሽተኛ ልብስ ከሆነ ግን የደረቀው ኩስ ከዚያም በላይ ስለሚቆይ የጤና ሠራተኛ ሳትጠይቁ ለማንም አታልብሱ።

3ኛ/ ቅማልን በጥፍርም በጥርስም አትጨፍልቁ፤ ግርሻ የሚባለው ሌላው የቅማል በሽታ በዚህ መንገድ ይጋባል። ወደ እሳት ወይም ወደ ፈላ ውሃ ጣሉት።

4ኛ/ ድንገተኛ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት የያዘውን ሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በጊዜው በሐኪም ትእዛዝ ከተሰጠ ተስቦን ያድናል። ጠበሉም ዱዓውም አይቅር፤ ጤና ጣቢያ መድረስ ግን አይዘግይ።

አንድ ጋቢ ለሁለት ለሦስት በሚሆንበት ቤት፣ የሞተውን ሰው ልብስ ሳይቀቅሉ ለልጅ ማልበስ ቁጠባ ይመስላል። ቁጠባ ግን አይደለም። ውሃ ማፍያ የሚሆነው አንድ ሸክም ማገዶ ከልጅም ከአስታማሚም ሕይወት አይበልጥም።