ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ ማዕቀፍ ለጀማሪ ስለሚከብድበት ምክንያት

የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ጎርፍ የሚለመልም የሩዝ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ሩዙን ወረታ ካሉት መፈልፈያዎች ወደ አንዱ ሲያመጣ ስሙ፣ የጆንያው ብዛትና ያስገባበት ቀን በደብተር ይጻፋል። እኛ ሦስት ተማሪዎች ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ደብተሮች አንዱን ወደ ድረ ገጽ ለማዛወር ተነሥተን ነበር። የመረጥነው መሣሪያ ጃንጎ ነው። ይህ መሣሪያ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ጀማሪን ስለ ምን እንደሚያስቸግር ካገኘነው ነገር ተነሥተን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ማዕቀፍ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፍሬምወርክ ይሉታል። ማዕቀፍ ማለት ድረ ገጽ ሠሪ ሁሉ የሚደጋግመውን ሥራ፣ ይኸውም የተጠቃሚን መግቢያ፣ የቅጽን ምርመራ፣ ከመረጃ ቋት ጋር መነጋገርን፣ አስቀድሞ ሠርቶ የሚያቀርብ ነው። የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ሲሆን ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙም ጃንጎ ራይንሃርት ከተባለው ጊታር መቺ የተወሰደ ነው። ጋዜጣ ቤት የታሰበውን ገጽ በዚያው ቀን ስለሚፈልግ መሣሪያው ለችኮላ ሥራ የተበጀ ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያው ቀላል ነው። ገበሬ፣ ጆንያ፣ ቀን ብለን የሠንጠረዡን መልክ በጥቂት መስመር ብንጽፍለት መመዝገቢያውን ገጽ ራሱ አወጣልን፤ ሥራው ያለቀ መስሎን በዚያ ምሽት ሻይ ተጋበዝን። ችግሩ የመጣው የጥቅምትን ገጽ ስንገለብጥ ነው። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብለን የ2015ን ጥቅምት 30 ብናስገባ፣ ይህ ቀን አይደለም ብሎ መለሰው። ጥቅምት 29ንም እንዲሁ። የ2016ን ጥቅምት 29 ግን ተቀበለ! ጳጉሜንንማ ጭራሽ ወር ብሎ አያውቃትም።

ኋላ እንደ ገባን፣ ማዕቀፉ 2 ያልነውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ያነብ ኖሯል፤ ፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን የሚኖረው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የፈረንጆች 2016ም እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ያስደነገጠን ግን እምቢ ያለው ሳይሆን ዝም ብሎ የተቀበለው ነው። በ2015 ጥቅምት 28 ቀን የገባ ጆንያ ኅዳር 1 ቀን ቢወጣ ያደረው ሦስት ሌሊት ነው፤ ገጹ ግን አንድ ሌሊት ይላል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 ያለውን አንድ ሌሊት ደግሞ ሁለት ያደርገዋል። የማከማቻ ዋጋ በሌሊት ቢታሰብ አንዱ ያለ ዕዳው ይከፍላል፣ ሌላው ሳይከፍል ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም።

የአቀበቱ ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ማዕቀፉ ብዙውን ሥራ ስለሚሸፍን ተማሪው የተሸፈነውን ሳያውቅ ይራመዳል፤ ከተጠረገው መንገድ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግን አንዱን ለማቃናት ብዙውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ለቀኑ ስንል ቅጹ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚለውጥበትን ስፍራ፣ ቀኑ በቋቱ የሚቀመጥበትን መልክና ተመልሶ በገጹ የሚታይበትን መንገድ ለየብቻ መማር ነበረብን። ስሕተት ሲነሣም የሚጠራው እኛ ያልጻፍነውን ፋይል ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በቤተ ልሔም ድጓ የሚማር ተማሪም ብዙ ዓመት ይደክማል፤ ነገር ግን ዜማው ሲስት መምህሩ ወዲያው ያቀናዋል። የተሳሳተ ቀን ተቀብሎ ዝም የሚል መምህር አላጋጠመውም።

በመጨረሻ ቀኑ በቋቱ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲቀመጥ፣ ሲጻፍና ሲነበብ ብቻ ወደ እኛ እንዲለወጥ አደረግን። በዘመናችን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ካለቀ በኋላ ግን 12 ይሆናል። ይህን የሚያደርገው የቅጽ መስክ ከሠላሳ መስመር አይበልጥም፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

የመፈልፈያው ጸሐፊ እስካሁን በደብተሩም ይጽፋሉ። በሚመጣው ጳጉሜን ሁለቱን አስተያይተው እንደሚወስኑ ነግረውናል።