የሐምራዊው ጨረባ ቤት፦ የሚሊሜትርና የሙቀት ጉዳይ

ጫጫታ የበዛበትና ሥርዓት ያጣ ስብስብ ሲያጋጥመን «የጨረባ ተዝካር» እንላለን። አባባሉ የጨረባን ጠባይ በሚገባ የሚገልጽ ነው፤ ይህ ወፍ በኅብረት ይበራል፣ በኅብረትም ይንጫጫል። ከዚሁ ወገን የሆነና በሰሜን አሜሪካ የሚራባ አንድ ዝርያ ደግሞ ከጫጫታው ሌላ የሚያስገርም ነገር አለው። በእንግሊዝኛ ፐርፕል ማርቲን ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሐምራዊ ጨረባ» እንለዋለን። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ በተንጣለለው ምድር የሚራባው ሐምራዊ ጨረባ፣ ዛሬ ከሞላ ጎደል እንቁላሉን የሚጥለው ሰው ሠርቶ ባቆመለት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የወፍ ቤት አሠራር በዚያ አካባቢ የጓሮ ጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የአንድ ዝርያ የሕልውና ጉዳይ ሆኗል።

ወፉና ባለውለታው

ሐምራዊ ጨረባ 50 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የጨረባ ዝርያዎችም ትልቁ ነው። የወንዱ ላባ የሚያሳየው ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ ነጸብራቅ ከቀለም ሳይሆን ከላባው ረቂቅ አወቃቀርና ከብርሃን ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ወፉ ክረምቱን በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም በብራዚል ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አነስተኛ የብርሃን መመዝገቢያ መሣሪያ በጀርባዋ የተሸከመች አንዲት ሴት ወፍ ከብራዚል እስከ ሰሜን አሜሪካ 7,500 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ13 ቀናት ጨርሳዋለች። መሣሪያው የፀሐይን መውጫና መግቢያ ይመዘግባል፤ ከቀኑ ርዝመትና ከእኩለ ቀኑ ሰዓት ደግሞ ወፏ የነበረችበት ስፍራ ይሰላል።

ይህን ያህል ተጉዞ የሚመጣው እንግዳ ቀድሞ ያርፍ የነበረው ግንደ ቆርቁር በፈለፈላቸው የደረቁ ዛፎች ቀዳዳዎች ውስጥ ነበር። ቾክቶና ቺካሶ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ቅል ቦርቡረው በእንጨት ላይ ያንጠለጥሉለት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደኑ ተመነጠረ፤ የደረቀው ዛፍም ተቆረጠ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የቤት ድንቢጥ በብሩክሊን፣ በ1890 ደግሞ ስታርሊንግ የተባለው ሌላ የአውሮፓ ወፍ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በሰው እጅ ተለቀቁ። ሁለቱም ቀዳዳ ፈልገው የሚራቡ፣ ያገኙትንም ቀዳዳ በጉልበት የሚቀሙ ናቸው። እንግዲህ ሰው ለሐምራዊው ጨረባ ቤት መሥራቱ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ዕዳ መክፈልም ነው ማለት ይቻላል።

ክፍሉን ማስፋት

ለብዙ ዘመን የተለመደው ቤት 12 ክፍሎች ያሉትና የእያንዳንዱ ክፍል ወለል 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። ለተመልካች ያማረ ትንሽ ሕንፃ ይመስላል። ነገር ግን በአንዱ ክፍል ውስጥ አምስት ጫጩቶች አሉ ብንል፣ 225 ካሬ ሴንቲ ሜትሩ ወለል ለእያንዳንዳቸው የሚያደርሰው 45 ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥልቀቱ ነው። ጉጉት እግሯን፣ ራኩን የተባለው አውሬም እጁን በቀዳዳው ቢያስገቡ የኋላው ግድግዳ ድረስ ለመድረስ አይቸገሩም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ተያያዥ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ይነሣና 15 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ረዥም ክፍል ይወጣል። መግቢያው በአንደኛው ጫፍ ሲሆን ወፎቹ ጎጆአቸውን ከበሩ ርቀው በሌላኛው ጫፍ ይሠራሉ። ጥርጊያው ሰፊ፣ ጎጆው ከጠላት እጅ የራቀ፣ ከሚወርደውም ዝናብ የተጠበቀ ይሆናል። ባለ 12 ክፍሉ ቤት ባለ 6 ክፍል ሆነ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ የክፍሎቹ ብዛት ሳይሆን በሕይወት የሚወጡት ጫጩቶች ብዛት ነው። በየክፍሎቹ ደጃፍ ባለው በረንዳ ላይ አነስተኛ መለያ ማቆምም ይጠቅማል፤ አንድ ወንድ ወፍ ብዙ በሮችን ጠቅልሎ እንዳይዝ፣ ጫጩቶችም ወደ ጎረቤት ክፍል እንዳይሄዱ ያግዳል።

የሚሊሜትር ጦርነት

የቀድሞው መግቢያ 5.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነበር። በዚህ ቀዳዳ ስታርሊንግም ያለችግር ይገባል። ሁለቱን ለመለየት የተገኘው ዘዴ በጂኦሜትሪ ላይ የተመሠረተ ነው። ስታርሊንግ ደረቱ ወፍራም ሲሆን፣ ሐምራዊው ጨረባ እግሩ አጭር በመሆኑ ሰውነቱን ወደ ወለሉ አስጠግቶ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው ወርዱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ግን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፍታው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቢጨምር ስታርሊንጉ መግባት ይችላል፤ ቢቀንስ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በሩ ላይ ይቀራል። የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ብዙ ከፍ ካለ ወፉ ተንሸራቶ መግባት ስለማይችል ዘዴው ይከሽፋል። ይህ መግቢያ ግን ከስታርሊንግ የሚያንሰውን የቤት ድንቢጥ አያግድም። ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱን በየጊዜው መጎብኘት አለበት።

ቤት ወይስ ምድጃ?

በቆርቆሮ ጣራ ሥር የኖረ ሰው የቀትርን ግለት ያውቀዋል። ሙቀት በንክኪ፣ በአየር ፍሰትና በጨረራ እንደሚተላለፍ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ የወፍ ቤትም ለሦስቱም የተጋለጠ ነው። አሉሚኒየም ቀላልና የማይበሰብስ በመሆኑ ይመረጣል፤ ነገር ግን ሙቀት በማስተላለፍ እንጨትን ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ከፀሐዩ በተጨማሪ ጫጩቶቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ። ክፍሉ ከመጠን በላይ ሲግል ገና መብረር ያልቻሉ ጫጩቶች አየር ፍለጋ ወደ በሩ ይወጡና ይወድቃሉ።

በጨረራ የሚመጣውን ለመቀነስ ቤቱ ነጭ ይቀባል፤ ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይልከዋልና። በንክኪ የሚመጣውን ለመግታት በጣራውና በክፍሎቹ መካከል አየር የሞላበት ባዶ ስፍራ ይተዋል። ለአየሩ ፍሰት ደግሞ ከጣራው ሥር፣ በግድግዳው የላይኛው ክፍል ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ የሞቀ አየር ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በመግቢያው በኩል ይተካዋል። ክፍሉን ማስፋት ለዚህም የሚረዳ መሆኑን ልብ ይሏል።

ምሰሶው

ቤቱ ከ3.5 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከረዣዥም ዛፎች ቢያንስ 12 ሜትር በራቀ ገላጣ ስፍራ ይቆማል። ዛፍ ሲቀርብ ጭልፊት ያደባል፤ ወፎቹም እየተንሳፈፉ የሚያርፉበት አቅጣጫ ይዘጋባቸዋል። በአንጻሩ ከሰው መኖሪያ ብዙ መራቅ አይገባውም፤ የሰው መኖር ጠላቶቻቸውን ያርቅላቸዋልና።

ከፍታና ገላጣነት ግን ነፋስን ይጠራሉ። ፊቱ 0.3 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በሴኮንድ 20 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ቢገጥመው የሚደርስበት ግፊት በግምት 86 ኒውተን ነው። ይህ ኃይል በ4 ሜትር ቁመት ላይ ሲያርፍ በምሰሶው ሥር ወደ 350 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጠምዛዥ ኃይል፣ ማለትም ቶርክ ይፈጥራል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ምሰሶው በኮንክሪት የሚተከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱን ለመጎብኘት ምሰሶውን ማጋደል አይገባም፤ እንቁላሉ ይንከባለላል፣ ጎጆውም ይፈርሳል። ቤቱ ቀጥ ብሎ በፑሊና በዊንች መውረድ አለበት። ቋሚ ፑሊ የኃይሉን አቅጣጫ ብቻ ይለውጣል፤ ሸክሙን የሚያቀለው ዊንቹ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር እጀታና 4 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ከበሮ ቢኖረው፣ ሰበቃን ካልቆጠርን፣ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ቤት በ20 ኒውተን ያህል ጉልበት ለመሳብ ይበቃል። በምሰሶው ወገብ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ሲሊንደር ይታሰራል፤ እባብና ራኩን ተንጠላጥለው እንዳይወጡ ያግዳል። ይህ ከሌለ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

መለኪያው ጫጩት ነው

ከ1960ዎቹ ጀምሮ እነዚህን ቤቶች ለመሸጥ ይነገር ከነበረው አንዱ፣ አንድ ሐምራዊ ጨረባ በቀን 2,000 የወባ ትንኝ ይበላል የሚለው ነው። ምርምር ግን ይህን አልደገፈም። ወፉ በቀን ብርሃን ከፍ ብሎ እየበረረ ተርብን፣ ጥንዚዛንና ክንፍ ያወጣ ጉንዳንን የመሳሰሉ ነፍሳትን ያድናል፤ ትንኝ በብዛት የምትወጣው ደግሞ ሲመሽ፣ ያውም ወደ መሬት ቀርባ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሊመዘን የሚገባው በትንኝ ሳይሆን በውስጡ አድገው በሚበሩት ጫጩቶች ቁጥር ነው። ትጉህ ባለቤቶች ቤቱን በየሳምንቱ አውርደው እንቁላሉንና ጫጩቱን ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ። ያለ ጊዜያቸው እንዳይዘሉ ሲባል ግን ጫጩቶቹ ሦስት ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ቤቱ አይነካም።

ውድ ተማሪዎች፣ የዚህን ጽሑፍ አንድ ክፍል በራሳችሁ ደጅ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ሁለት እኩል የቆርቆሮ ጣሳዎች ውሰዱ፤ አንዱን ነጭ ቀቡት፣ ሌላውን ጥቁር። ክዳናቸውን ገጥማችሁ በእያንዳንዳቸው ቴርሞሜትር አስገቡና በቀትር ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፤ በየአምስት ደቂቃውም መዝግቡ። ቀጥሎ የሁለቱንም የላይኛውንና የታችኛውን ጎን ብሱና ድገሙት። በሁለቱ መስመሮች መካከል የምታዩት ልዩነት፣ ከብራዚል ተነሥቶ ለሚመጣው እንግዳ ልጆች የመዳንና ያለመዳን ልዩነት ነው።