አሮጌ ፒካፕ በደጋ መንገድ

አሮጌ ፒካፕ በደጋ መንገድ የሚለው ርዕስ አነስተኛ የጭነት መኪናን በከፍታ፣ በብርድ፣ በጭቃና በበረዶ ላይ ለብዙ ዓመት ሳያቋርጡ ማሠራትን ይመለከታል። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ነው። ከዋናው መንገድ ርቆ በሚኖር ቀበሌ አንድ ፒካፕ ድንችና ገብስ ወደ ገበያ ያወርዳል፣ የወፍጮ መለዋወጫና ማዳበሪያ ይዞ ይመለሳል፤ ታማሚ ሲኖርም ነፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ያደርሳል። መኪናው ጎሕ ሲቀድ አልነሣ ካለ በሽተኛው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ይሄዳል።

ቦታውና መንገዱ

የጉና ተራራ ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በጋሳይ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባው ዋና መንገድ የጉናን ሰሜናዊ ትከሻ ይዞ ይሄዳል። በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ስለሆኑ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በመጀመሪያ ጠጠር የነበረው ይህ መንገድ ኋላ አስፋልት ለብሷል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯን ጠባይ ስሟ ይናገራል። ከዚህ ጀርባ ወደ ደቡብ ያለው አገር፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በስማዳ ወገዳ ከተማ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ እየተቆረሰ ይወርዳል። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ በጉና ደቡብ ምዕራብ በኩል ናት። አንድ ፒካፕ በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ አገር ተነሥቶ ቆላ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ አገር ከባድ ነገር በጎማ ማጓጓዝ ከሞተር በፊት የተጀመረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የገቡት በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። ለስድስት ወር ያህል ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠና ገደል እየደለደለ መንገዱን ከፊት ከፊት ይሠራ ነበር። ዛሬም ቢሆን መጋቢ መንገድ በናዳ ሲዘጋ ግሬደር እስኪመጣ ድረስ መንገዱን የሚከፍተው ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ነው።

የማለዳ ብርድ

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች በጉና ዙሪያ ውርጭ ይጥላል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ብረቱ ከቀዘቀዘ ሙቀቱን ይውጠዋል። ስለዚህ በአሮጌዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች (2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት) በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ አንድ ማሞቂያ ካንዴላ ተተክሏል። ከአራቱ ሁለቱ ከተቃጠሉ፣ ቀን ያለ ችግር የሚነሣው መኪና ሌሊት እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባትሪውን ይጠረጥራል፤ አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ በማግስቱም መኪናው ያው ነው። መፈተሻው ግን የአንድ አምፖል ዋጋ ነው። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘው ብረት ይፈታል፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ሽቦ ያለው ባለ 12 ቮልት አምፖል በየካንዴላው ጫፍ ይነካል። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው ደኅና ነው፤ ካልበራ ይቀየራል።

ባትሪውም ቢሆን ነጻ አይደለም። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ አቅሙ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ በዚያው ሰዓት የወፈረው ዘይት ሞተሪኖውን አብዝቶ ያስጨንቀዋል። በባትሪው ራስ ላይ የሚያብበውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጥቦ ግራሶ መቀባት፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈትቶ ማጽዳት ብዙ «የሞተ» ባትሪ አስነሥቷል። በዘይት ቆርቆሮው ላይ ካሉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው በብርድ ጊዜ ያለውን ውፍረት ስለሚያመለክት ለነፋስ መውጫ ማለዳ ከ20 ደብልዩ 50 ይልቅ 15 ደብልዩ 40 ይሻላል። ቁልቁል ላይ አቁሞ አድሮ በማርሽ ማስነሣት የታወቀ ዘዴ ነው። የጥርስ ቺንጋው (ታይሚንግ ቤልት) ያረጀ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ሲነጥቅ ጥርስ ሊዘል ይችላል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ የአንድ ቺንጋ ወጪ ወደ ሙሉ የሞተር ሥራ ይለወጣል። አምራቹ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ይመክራል። በአሮጌ ፒካፕ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሟል፤ ስለዚህ የተቀየረበትን ቀን በሽፋኑ ላይ በቀለም የሚጽፍ መካኒክ አስተዋይ ነው።

ቀጭን አየርና የራዲያተር ክዳን

በ3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩ በቀነሰ መጠን ጉልበት ያጣል። ፓምፑ ግን የሚረጨውን ናፍጣ አይቀንስም፤ የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። «ጉልበት አጣ» ብሎ የፓምፑን ብሎን መክፈት ጭሱንና ሙቀቱን ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። በደጋ የሚኖር ፒካፕ ፓምፑ ትንሽ ቢቀነስለት፣ የአየር ፊልትሮውም በየጊዜው ቢራገፍ ይጠቀማል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ውኃው ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ንፍሮ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጅበት ምክንያትና ፒካፕ የሚያፈላበት ምክንያት አንድ ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ያንን በዋናነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደኅና ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም በጨርቅ የተጠቀጠቀ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ መኪናው ደብረ ታቦር ደኅና ውሎ ጉና ትከሻ ላይ ሲደርስ ያፈላል። እነዚህ ሞተሮች አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቁ ቴስታታቸው እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው። በርካሽ ክዳን ቸልተኝነት ቴስታታ ማጣት በየጋራዡ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ማፍላትን ለመከላከል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። በቆላ ለጊዜው ሊያግዝ ይችል ይሆናል፤ በደጋ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። የወንዝ ውኃ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ደለሉና ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ፀረ በረዶ ፈሳሽ (ኩላንት) የሚጠቅመው ውኃው እንዳይረጋ ብቻ አይደለም፤ ዝገትንም ይከለክላል።

ቁልቁለት

ከጋይንት ደጋ ወደ ሸለቆዎቹ ሲወረድ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ያስጠይቃል። የኋላው ታምቡር ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፤ ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ስለሚስብ ይፈላል፣ ፔዳሉም መሬት ይነካል። የድሮ ሾፌሮች ደንብ፣ አንድን ዳገት በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ አሁንም የሚተካው የለም።

ጭቃና በረዶ

በክረምት ዋልካ መሬት ላይ ያለ ባዶ ፒካፕ ከሙሉው ይልቅ ይቸገራል። ሞተሩና ጋቢናው ከፊት ስለሆኑ የኋላ ጎማዎቹ ክብደት የላቸውም፤ ይሽከረከራሉ። ሁለት ወይም ሦስት ጆንያ አሸዋ በኋላው አክስል ላይ መጫን፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ መቀነስ፣ ሰንሰለት ማሰርና በሁለተኛ ማርሽ ሳያቋርጡ መሄድ መኪናውን ያሳልፋል። ተይዞ ሳለ ነዳጅ መስጠት ግን ጉድጓዱን ያጠልቃል፣ የፍሪሲዮን ሸራውንም ያቃጥላል።

በአማርኛ በረዶ የሚለው ቃል እየጠጠረ የሚወርደውንም እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም ያጠቃልላል። ለሁለተኛው አመዳይ የሚል የመጽሐፍ ቃል አለ፤ በአዘቦት ንግግር ግን እምብዛም አይሰማም። በጉና ዙሪያ መኪና የሚያጋጥመው ጠጣሩ በረዶ ነው። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ነጭ አልብሶ እስኪቀልጥ ድረስ ጎማውን እንደ ባቄላ ክምር ያንሸራትተዋል። የሚጠርገው ፀሐይ ነው፤ ከተቸኮለ አካፋ ነው። እንደ ጥጥ የሚረግፈው ይበልጥ የስሜን ተራሮች ነገር ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ በስሜን ተራሮች እግር እስከ ጉልበት የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል።

በፒካፕ በረዶ መጥረግ

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ፒካፕ በረዶ ይጠርጋል። ከፊቱ የሚገጠም ሰፊ ብረት፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር ከፍና ዝቅ የሚል፣ በረዶውን ወደ ጎን ይገፋል። ሥራው በጭቃ መንዳትን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ክብደቱ ከፊት ስለሆነ ከኋላው አክስል በስተጀርባ አሸዋ ይጫናል፣ በዝቅተኛ ማርሽ በዝግታ ይኬዳል። አነስተኛ ፒካፕ ትልቅ ክምር መግፋት ስለማይችል በረዶው ጥቂት ጣት ሲሞላ ወጥቶ መጥረግ፣ እንደገናም መጥረግ ይገባዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ጠዋት ሁሉንም ልግፋ የሚል ሰው የፊት ባሌስትራውን ይሰብራል። ክምሩ ለሚቀጥለው በረዶ ቦታ እንዲተርፍ ከመጀመሪያው ራቅ ተደርጎ ይገፋል።

አሮጌ መኪና በዚህ ሥራ ሁለት ቦታ ይጎዳል። አንደኛው ካምቢዮ ነው። ጠራጊ መኪና በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማርሽ የሚቀይር ሾፌር አውቶማቲክ ካምቢዮውን በአንድ ክረምት ሊጨርሰው ይችላል። ሁለተኛው ጨው ነው። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውንና የፍሬን ቱቦዎቹን ይበላል፤ አየሩ ትንሽ በሞቀ ቁጥር የመኪናውን ሆድ በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ፣ ብረቱን ከፍ አድርጎ ረጅም መንገድ መሄድ የራዲያተሩን ንፋስ ስለሚጋርድ ሞተሩ በውርጭ ቀን እንኳ ሊሞቅ ይችላል፤ ብረቱን ዝቅ ማድረግ ችግሩን ያቃልለዋል። ወገዳ በጨው የሚበሰብስ መኪና አታውቅም። በዚህ ረገድ የጋይንት ፒካፕ ከሚኒሶታው ዕድለኛ ነው፤ ሻንሲው ከሞተሩ ዕድሜ ይበልጣል።

ጋራዥ፣ መለዋወጫና ሊብሬ

የጋራዡ ቋንቋ ከጣሊያን የቀረ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ። በአካባቢው የማይገኝ ዕቃ ከባሕር ዳር፣ ካልሆነም ከአዲስ አበባው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል፤ እዚያ ከሌላ መኪና የወለቀ ያገለገለ ዕቃም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ የወጣው የቶዮታ ሃይለክስ ዘሮች በዚህ አገር የተወደዱት ሁሉም ነገራቸው በቁልፍ ተፈትቶ በእጅ የሚሠራ በመሆኑ ነው። ኮምፒውተር የሚጠይቅ አዲስ መኪና አርብ ገበያ ላይ ከቆመ የሚጠብቀው የሚጎትተውን ነው።

ዋጋውም አሮጌውን ያስከብረዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜያቸው በገፉ ገቢ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፒካፕ ስለዚህ አይጣልም፤ ሞተር ይቀየርለታል፣ በሩ ከአንዱ፣ የጭነቱ ሳጥን ከሌላው ይመጣል። በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። የተቀየረው ሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ፒካፑ ቢሠራም ይቆማል፤ ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ከሻጩ ሰነዱን አብሮ መቀበል አለበት።