ሕፃናትን መጠጥ ማቅመስ ይገባልን?

በአገራችን ልማድ ዓመት በዓል ሲከበር፥ ማኅበር ሲጠጣ፥ ዝክር ሲዘከር ወይም እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ጠላና ጠጅ መቅዳት የታወቀ ነው። ይህም ከጥንት የወረስነው የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ስለ ሆነ ነቀፋ የሚገባው ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በዚሁ መልካም ልማድ መካከል ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የሚያልፍ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም አባት ወይም አጎት ከብርሌው ጥቂት አስቀርቶ «እስቲ ቅመሳት» እያለ በአጠገቡ ለቆመው ሕፃን መስጠቱ ነው። ሕፃኑ ፊቱን ሲያኰሳትር ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ ነገሩም በሣቁ የተፈጸመ ይመስላል። በእውነት ግን ተፈጽሟልን? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ልንመረምር አስበናል።

ጥያቄው በየትም ቦታ የሚነሣ ቢሆንም፥ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በድንበር አገር ጎልቶ ይታያል። ከመተማ ወደ ገላባት የተሻገረ መንገደኛ ወደ ገዳሪፍ ሲያቀና ዓይን እስኪታክተው ድረስ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ያያል። በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርደው በራሃድ ወንዝ አካባቢ መፋዛ ትገኛለች። ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ምድር መጓዝ የጀመሩት ትናንት አይደለም። ለአረምና ለአጨዳ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች፥ ነጋዴዎችና ስደተኞች ለብዙ ዘመን ሲመላለሱበት ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜም ድንበር ከተሻገሩት ወገኖች ብዙዎቹ በመፋዛ ወረዳ በተቋቋመው በቱነይድባ ሰፈር ከነልጆቻቸው ተጠልለዋል።

በዚያ ምድር የእህል ሁሉ አለቃ ማሽላ ነው። ሱዳናውያን ዱራ ይሉታል። ከዚሁ ከአንዱ እህል ሁለት ዓይነት መጠጥ ይወጣል። አንደኛው መሪሳ የሚባለው፥ ከእኛ ጠላ ጋር የሚዛመደው የሚያሰክር መጠጥ ነው። ሁለተኛው ሕሉ ሙር ይባላል። ይህ ከማሽላ ብቅልና ከቅመማ ቅመም ተቦክቶ እንደ ስስ ቂጣ ከተጋገረ በኋላ በውኃ ተዘፍዝፎ በረመዳን ጾም ማፍጠሪያ የሚጠጣ ነው፤ አያሰክርም፤ አዛውንትም ሕፃንም ከአንድ ማሰሮ ይጠጡታል። እንግዲህ እህሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለሕፃኑ የሚደርሰው የትኛው ነው? የሚወስነው እህሉ ሳይሆን የወላጁ እጅ ነው።

በሱዳን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 የእስልምና ሕግ በታወጀ ጊዜ የሚያሰክር መጠጥ በጠቅላላው ተከልክሎ ነበር። በ2020 ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ተፈቅዷል። በእነዚያ ብዙ ዓመታት መሪሳ የሚጠምቁና አረቂ የሚያወጡ ድሆች ሴቶች ሲታሰሩና ሲገረፉ ኖረዋል። ከባሏ ወይም ከአገሯ ተለይታ፥ ሌላ ሥራ አጥታ፥ አረቂ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግን እናት ለመውቀስ ብዕራችንን አላነሣንም። ችግር የማያስደርገው ነገር የለምና። ነገር ግን ለዚህች እናት ስንል አንድ ነገር እንናገራለን። እንጀራዋ የሆነው አረቂ ለልጇ መጫወቻ እንዳይሆን ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ ያለባት እርሷ ናት። ልጅን ጠርሙስ አስይዞ ወደ ገዢ መላክ፥ ወይም የወጣው አረቂ መበርታቱን በልጅ ምላስ ማስፈተን ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

አሁን ነገሩን ከሰውነት አንጻር እንመልከት። ጠላ እንደ አጠማመቁ ይለያያል። በድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ቀላል ስለ ሆነ በብዙ ቤት የልጆች መጠጥ ተደርጎ ይቈጠራል። ጥሩ ጠላ ግን ከዚያ ይበረታል፤ ጠጅ ደግሞ ከጠላ ይበረታል፤ ዳግም የወጣ አረቂ ግን ከመቶው እጅ 40ው ንጹሕ አልኮል ሊሆን ይችላል። የመጠጡን ኃይል ብቻ ሳይሆን የጠጪውንም ክብደት ማሰብ ያስፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂና 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አንድ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ፥ ለሕፃኑ አራት ብርጭቆ እንደ ጠጣ ይቈጠራል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የሕፃን ጉበት የሚያስቀምጠው የስኳር ስንቅ ጥቂት ነው። አልኮል ደግሞ ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግደዋል። በዚህ ምክንያት፥ ይልቁንም ሕፃኑ ሳይበላ የቆየ እንደ ሆነ፥ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ወርዶ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። እንግዲህ ለጥርስ ሕመም ድዱን በአረቂ ማሸት፥ ለጉንፋን ወይም ለሆድ ቁርጠት አንድ ማንኪያ ማጠጣት መድኃኒት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ይህ ለአዋቂ የተነገረ ከሆነ ለሕፃን ምን ያህል ይበረታ!

አንዳንድ ወላጆች ግን እንዲህ ሲሉ እንሰማለን። «የተከለከለ ነገር ይጣፍጣል። በቤት፥ በዓይናችን ሥር ቢቀምሰው ይሻላል እንጂ በውጭ ተደብቆ እንዲማረው አንተውም።» ይህ አስተያየት ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። በፈረንሳይ አገርም ለብዙ ዘመን ይታመንበት ነበር። በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ለልጆች ወይን ጠጅ ይቀርብ ነበር። ዳሩ ግን በ1956 ዕድሜያቸው 14 ዓመት ላልሞላ ተማሪዎች፥ በ1981 ደግሞ ለተማሪዎች ሁሉ ተከለከለ። በእንግሊዝ የመንግሥት የሕክምና ዋና አማካሪ በ2009 ልጆች ቢያንስ 15 ዓመት እስኪሞላቸው ምንም ባይቀምሱ ይሻላል ሲሉ ወላጆችን መክረዋል።

በአውስትራሊያም 1,927 ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር እስከ ስድስት ዓመት ድረስ የተከታተለ ጥናት በ2018 ታትሟል። ልጆቹ ጥናቱ ሲጀመር አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ነበሩ። ከወላጆቻቸው እጅ መጠጥ የተቀበሉት፥ ካልተቀበሉት ይልቅ በኋላ ከሌላ ሰው ለማግኘትና ለመጠጣት የፈጠኑ ሆነው ተገኙ። በቤት መቅመሳቸው ከጉዳት እንደ ጠበቃቸው የሚያሳይ ምልክት ግን አልታየም። እንግዲህ ልጁ ከወላጁ የተማረው ልክን ማወቅ ሳይሆን «ተፈቅዶልኛል» ማለትን ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ እየሣቀች የተቀበለችው ልጅ፥ አድጎ ከብት ሰርቆ ለቅጣት በቀረበ ጊዜ «እናቴ ሆይ፥ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ማለቱ በተረት ይነገራል። ጠላ መቅመስ ስርቆት አይደለም፤ ነገር ግን የእናቲቱ ሣቅ በሕፃኑ ፊት ከምንሥቀው ሣቅ ጋር አንድ ነው። ልጅ ቤተሰቡን ያሣቀበትን ነገር ደግሞ ለማድረግ ይፈልጋልና።

ሕግም በዚህ ረገድ ድርሻውን ይዟል። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን ሕግ የሻጩን እጅ ሊይዝ ይችላል እንጂ በየቤቱ ገብቶ በአጎትና በሕፃን መካከል ሊቆም አይችልም። በዚያ መቆም የሚገባቸው ወላጆች ናቸው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አረቂ በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውኃ ጠርሙስ እየተሞላ መቀመጡ ትልቅ አደጋ ነው። መልኩ ውኃ ስለሚመስል የጠማው ሕፃን አንሥቶ ሊጠጣው ይችላል። ስለዚህ ልዩ ምልክት ባለው ዕቃ ተደርጎ ከፍ ባለ ቦታ ወይም በተቈለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ግብዣ ሲያበቃም የተረፈው ብርጭቆ ሁሉ ልጆች ሳይደርሱበት ይነሣ። ምናልባት ልጅ ጠጥቶ ቢገኝ፥ እንዲያስታውክ ማስገደድ፥ ቡና ማጠጣት ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ አይረዳም። ነቅቶ በደንብ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ነገር ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። ካንቀላፋ ግን ምንም በአፉ ሳይደረግ በጎኑ አስተኝቶ፥ እንዳይበርደው አልብሶ፥ ጠርሙሱንም ይዞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶናል። ሕፃን ከትልልቆች መካከል ቆሞ እጁን የሚዘረጋው ጠላ ጠምቶት አይደለም። የጠላን ጣዕም ገና አያውቀውም፤ ሲቀምሰውም ይመረዋል። የሚፈልገው እንደ ሌላው ሰው ተቀድቶለት፥ እንደ ሌላው ሰው «እንኳን አደረሰህ» ተብሎ ከበዓሉ እንዲቈጠር ነው። ይህን ደግሞ ሳናሰክረው ልንሰጠው እንችላለን። ማር በውኃ በጥብጠን ሳይፈላ የምናቀርበው ብርዝ ከአያቶቻችን የወረስነው መጠጥ ነው። በመፋዛና በገዳሪፍ ያሉ ወገኖችም የጎረቤቶቻቸውን ሕሉ ሙርና ከርከዴ ያውቃሉ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ለመጪው በዓል ጠላው ሲጠነሰስ የልጆቹም ብርዝ አብሮ ይታሰብ። ለእነርሱ የሚሆን ትንሽ ዋንጫ ይዘጋጅ፤ ሽማግሌው ጠላውን ሲመርቁ ብርዙንም አብረው ይመርቁላቸው። የጠላው ተራ ዕድሜና አእምሮ ሲበስል በጊዜው ይደርሳል።